ሦስት ጊዜ የተለቃለቀ ጠርሙስ

«ክሎሪን አልጨምርም ብያለሁ። ስንቴ ልናገር?» አለች ሴትየዋ በሶማሊኛ።

«ምን አሉ?» አሉኝ ኢንጂነር ሰዒድ።

«አስቤበት እመልሳለሁ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«አስበው እስኪጨርሱ ውኃው ሰው ሆድ ውስጥ ገብቷል በላቸው። መብራታቸው ጥሩ ነው፤ በፊቱ የሚያልፈውን ጀርም ይገድላል። ከቧንቧው ከወጣ በኋላ ግን ማን ይጠብቀዋል? ጀሪካኑንስ ማን ያጥበዋል? አህያው?»

ወደ ሴትየዋ ዞርኩና በሶማሊኛ፣ «ኢንጂነሩ መብራትሽን በጣም ወደውታል» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ፣ «አቦ ኢንጂነር፣ ልጁን አታድክመው። አህያውን ሰምቻለሁ» አለች።

ይህ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ገና ረፋድ ላይ ነን፤ እኔ ግን ለሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ዋሽቼ ሁለቴም ተይዣለሁ።

የውኃ ቁጥጥር ክፍላችን ውስጥ ናሙና የሚሰበስቡ አዳዲስ ልጆች «አንተ እንዴት ጀመርክ?» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነባር ሠራተኛ ተብያለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ሀርጌሳ ተወልጄ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ጦርነቱ ሲመጣ እናቴ አዝላኝ ወጣች፤ ካደግኩ በኋላ፣ ከተማዋ እንደገና እየተሠራች ሳለ፣ ብቻዬን ተመለስኩ። ስመለስ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይሠራል። ጎረቤቴ ግድግዳ ይሠራል፣ የአጎቴ ልጅ ጣሪያ ይሠራል። እኔ ግጥም እሠራ ነበር፤ ማንም አልቀጠረኝም።

የውኃ ጥራት ቁጥጥር ክፍሉ ሶማሊኛና አማርኛ የሚችል፣ እጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ሮጥኩ። ኃላፊው ኢንጂነር ሰዒድ ከደሴ የመጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሶማሊኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ግጥም እንደምጽፍ ነገርኳቸው።

«ቁጥርስ ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«እጽፋለሁ።»

«በቃ፣ ነገ ጠዋት ና።»

ሴትየዋ ሰህራ ትባላለች። እኔ ኤዶ ሰህራ ነው የምላት፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እሷም የስደቱን ዘመን ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ነው ያሳለፈችው። እንደ ድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንተ ትላለች። ኢንጂነር ደግሞ ከእኔ በቀር ሁሉንም አንቱ ይላሉ። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ከውጭ የሚሰማ ሰው፣ አንዷ ልጇን የምትቆጣ፣ አንዱ ዳኛ ፊት የቆመ ይመስለዋል።

ኤዶ ሰህራ ወደ አያሃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የመርከብ ኮንቴይነር ውስጥ የውኃ ማጣሪያ ተክላ ነበር። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውኃ ጨዋማ ነው፤ ሳሙና አያረፋበትም። እሷ ያንን ውኃ በኃይለኛ ፓምፕ ሜምብሬን በሚባል ጥቅል ውስጥ ትገፋዋለች። ጨው የበዛበት በአንድ ቧንቧ ይወጣል፣ ንጹሑ በሌላው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል። ንጹሑ ውኃ በመጨረሻ በዩቪ መብራት ፊት ያልፍና ወደ ጀሪካን ይገባል።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ብርጭቆ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ምንም አይልም። አፌን ከፍቼ ቀጣዩን ነገር ጠበቅኩ፤ ቀጣይ የለም።

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሆነው» አለች። «መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። ሻዩ ሻይ አይልም፣ ምን አደረግሽበት አሉኝ። የተፈጨ እምነ በረድ ውስጥ አሳልፌ ትንሽ ጣዕም መለስኩለት። እነሱ ፊት ቆሜ ጠጣሁ። ወላሂ ንጹሕ ነው ብዬ ማልኩ። አሁን ክሎሪን ቢሸታቸው ይደፉታል። ደፍተው የሚጠጡት ደግሞ ከወንዙ አሸዋ የተቆፈረውን ነው። ገባህ?»

ለእኔ ገባኝ። ለኢንጂነር ግማሹ ገባቸው። ያን ቀን እስከ ቀትር ተከራክረው አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ እኔ በእጄ ጻፍኩት። ክሎሪን አይጨመርም። በምትኩ በየሁለት ሳምንቱ ናሙና ይወሰዳል። የፓምፑ ግፊት፣ የገቢና የወጪ ውኃው ጨው፣ መብራቱ የሠራበት ሰዓት በየቀኑ ይመዘገባል። ሁለት ናሙና በተከታታይ ከወደቀ ማጣሪያው ይታሸጋል።

ኤዶ ሰህራ ፈረመች። «አይወድቅም» አለች።

ለቢሮው ሰው ሁሉ የሥራው ክብደት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በደስታ ሰክሬ ነበር። የኮንዳክቲቪቲ ሜትሩን በአንገቴ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። ዘንጉን ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ቁጥር ያወጣል፤ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል። ሻይ ለካሁበት። የጎረቤቴን ሾርባ ለካሁበት። የራሴን እንባ ልለካ አስቤ ማልቀስ አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ኢንጂነር አንድ የምርመራ ቅጽ ይዘው መጡ። «ፊቱ ደህና ነው። ጀርባው ምንድን ነው?» አሉኝ። ጀርባው ላይ ስለ ማጣሪያው ውኃ ሁለት ስንኝ ጽፌ ነበር፦

ጨውሽን ነጥቀው ድምፅሽን ሰረቁሽ፣
ጀሪካን ሙሉ ዝምታ አረጉሽ።

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «ቅጹ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ወረቀት የለንም» ብለው ወሰዱት። እስከ ዛሬ መዝገቡ ውስጥ አለ።

ኢንጂነር ያስተማሩኝ በጥድፊያ ነው። ለጨውና ለማዕድን ምርመራ የሚሆነውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አሳዩኝ። «በራሱ በናሙናው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቃልቀህ ትሞላለህ» አሉኝ። የጀርም ምርመራው ነገር ላይ ሳይደርሱ ለሌላ ሥራ በርበራ ተጠሩ፤ አንድ ወር ቆዩ።

የጀርም ምርመራውን የምትሠራው ፎዚያ ናት፤ ከሐረር የመጣች የላቦራቶሪ ባለሙያ። ጠርሙሶቹን በፕሬሸር ኩከር ቀቅላ፣ አፋቸውን በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልላ በመስኮት ታቀብለኛለች። «ሞልተህ በበረዶ አምጣ» ትላለች። መስኮቱ ይዘጋል። ነገር የምታበዛ ሴት አልነበረችም፤ እኔም የማላውቀውን የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ኤዶ ሰህራ ቧንቧ አጠገብ ስከፍተው ከሥሩ ነጭ ዱቄት አየሁ። ደነገጥኩ። ያደግኩበት ቤት ውኃ የሚቀዳበት ዕቃ ሳይለቃለቅ አይቀርብም፤ እንግዳ ቢመጣ ንጹሑ ብርጭቆ ራሱ ፊቱ እንደገና ይለቃለቃል። ይህን ጠርሙስ እንዲህ እንዳለ ሞልቼ ብወስድ ኤዶ ሰህራ ምን ትለኛለች? በራሷ ውኃ እንዳላለቃልቀው ደግሞ ያን ያህል ደክማ ያጣራችውን መሬት ላይ መድፋት ነውር መሰለኝ።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ከሶላት በፊት የምንታጠብበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ አለ። ከመስጊዱ ቧንቧ የሞላነው ነው። አመጣሁና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አለቃለቅኩት። ዱቄቱ ጠፋ። ጠርሙሱ አበራ። ኤዶ ሰህራ ከኮንቴይነሯ በር ላይ ሆና አየችኝና፣ «ማሻ አላህ፣ ንጽሕና ታውቃለህ» አለች። ልቤ ሞላ።

ከዚያ በኋላ የሁሉንም ማጣሪያ ጠርሙሶች እንደዚያው አደረግኩ። በከተማው ከእሷ ሌላ አራት ማጣሪያዎች ነበሩ፤ አራቱም ክሎሪን ይጨምራሉ።

የአራቱ ውጤት ንጹሕ መጣ። የኤዶ ሰህራ ወደቀ። ፎዚያ ጀርሙን ያሳደገችበትን ሳህን አሳየችኝ፤ ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። «ይህ ከሰገራ የሚመጣ ጀርም ነው» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ወደቀ።

ኢንጂነር በዚያው ሳምንት ከበርበራ ተመለሱ። ወረቀቱን አይተው የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። የደስታቸው ምልክት ይህ ነው። «ክሎሪን የጨመሩት አራቱ አለፉ። መብራት ብቻ ያላት ወደቀች» አሉ። «ፒንሳውን ያዝ።»

የማሸጊያ ፒንሳውን ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ ስመኘው ነበር። ሽቦውን በቫልቩ እጀታ አሳልፈህ፣ ጫፎቹን ትንሽዬ የእርሳስ ብረት ውስጥ አስገብተህ ትጨምቃለህ፤ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት እርሳሱ ላይ ይቀራል። ቢሮ ውስጥ በምስማርና በወንበር እግር ተለማምጄአለሁ።

ስንደርስ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ቆመዋል። ኤዶ ሰህራ ወረቀቱን አነበበች።

«ሰገራ ነው የሚለው?»

«ከሰገራ የሚመጣ ጀርም» አሉ ኢንጂነር። «አዝናለሁ።»

«እኔ ሰው ፊት ጠጥቼ ምያለሁ።»

«አውቃለሁ። ስምምነቱን ግን ፈርመዋል።»

መንገዱን ለቀቀችልን። ሽቦውን ሳስር እርሳሱ ሁለቴ አመለጠኝ። ከኋላዬ ቆማ፣ «አጥብቀው። እንዲህ ከሆነ ይለቃል» አለችኝ። አጠበቅኩት። ሴቶቹ ባዷቸውን ጀሪካን እያንኳኩ ሄዱ። ወዴት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ወንዙ አሸዋ።

በሦስተኛው ቀን ኤዶ ሰህራ ቢሮ መጣች። ከአየር ማረፊያው መንገድ ላይ ካለ ሱቅ የገዛችው፣ ከውጭ አገር የመጣ፣ ክዳኑ ያልተነካ የታሸገ ውኃ ይዛለች። ኢንጂነር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን መርምሩ።»

«ለምን?» አሉ ኢንጂነር።

«ካለፈ ውኃዬ ቆሻሻ ነው፤ አፌን እዘጋለሁ። ከወደቀ አብረን እንነጋገራለን።»

ኢንጂነር ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «ይመርመር» አሉ።

ከፎዚያ ጠርሙስ ተቀብዬ፣ ጓሮ ወጥቼ፣ እንደ ልማዴ በሦስት እጥብ አሳምሬ የውጭ አገሩን ውኃ ገለበጥኩበት። በማግስቱ ፎዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቷ ወጥታ በእግሯ ወደ ኢንጂነር ቢሮ መጣች። ሳህኑ በእጇ ነው። ከኤዶ ሰህራው የባሰ ቢጫ ሆኗል።

«ጀርም የማሳድግበትን ኢንኩቤተሬን እንዳትወቅሱ» አለች። «ከዚያው ጠርሙስ ሁለቴ ደግሜያለሁ።»

ኢንጂነር ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዓብዲ፣ ናሙና እንዴት እንደምትወስድ አሳየኝ።»

በኩራት አሳየኋቸው። ጓሮ ወጣን፤ ፎዚያም ተከተለች። አልሙኒየሙን ፈታሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ማንቆርቆሪያውን አነሳሁና አንድ ብዬ ማለቃለቅ ስጀምር ፎዚያ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ሦስት ጊዜ ነው የማደርገው» አልኩ። ሁለተኛውን ጨመርኩ።

«ያቺ ነጭ ዱቄትስ?» አለች ፎዚያ።

«ሁልጊዜ ትኖራለች። አስወግዳታለሁ። ልነግርሽ አፍሬ ነው እንጂ ጠርሙስሽ በደንብ አይታጠብም።»

ፎዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማስረዳት የጀመረችው ከዚያ ነው። ጠርሙሱ ከተቀቀለ በኋላ ምንም ነገር ሊነካው አይገባም፤ ጀርም የሌለበት ብቸኛው ዕቃ እሱ ነበር። ዱቄቷን ራሷ ናት የምትጨምረው። ናሙናው ውስጥ ያለውን ክሎሪን እዚያው ታጠፋለች፤ አለዚያ ክሎሪኑ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ድረስ ጀርም መግደሉን ይቀጥላል። እኔ ዱቄቷን አስወግጄ የመስጊድ ቧንቧ ውኃ አስገባሁ። ክሎሪን ያላቸው አራቱ ማጣሪያዎች የማንቆርቆሪያዬን ጀርም መንገድ ላይ ገድለው አለፉ። ክሎሪን የሌላት ኤዶ ሰህራ የእኔን ጀርም ተሸክማ ወደቀች።

ኢንጂነር የሸሚዛቸውን ቁልፍ መልሰው ቆለፉ።

በማግስቱ በአዲስ ጠርሙስ፣ ማንም ሳይነካው፣ የኤዶ ሰህራን ውኃ ራሳቸው ወሰዱ። ለሙከራ ፓምፑን አስነሱ፣ መብራቱ እስኪሞቅ ጠበቁ፣ ከታሸገው ቫልቭ በፊት ያለውን የናሙና ቧንቧ አፍ በእሳት ለበለቡ፣ ሞሉ። ሳህኑ ነጭ እንደሆነ አደረ። አንድ ነጥብ እንኳ የለውም።

ኤዶ ሰህራን ቢሮ ጠሯት። ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በተደረገ የቴክኒክ ማስተካከያ መሠረት እሽጉ እንዲነሳ ተወስኗል» ይላል።

«ማን ነው የተስተካከለው?» አለች።

እኔ ነገርኳት። ማንቆርቆሪያውን፣ ዱቄቷን፣ ሦስቱን ጊዜ፣ አንድ ሳላስቀር። ፊቷ አልተለወጠም።

«ስታለቃልቅ አይቼሃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ማሻ አላህ ብዬሃለሁ።»

«ብለሽኛል።»

«እንግዲህ እሽጉ ይቆየኝ። እኔ የምፈልገው እሽግ የሚያነሳ አይደለም። ውኃዬ ቆሻሻ ነው የተባለው ሰው ፊት ነው። ንጹሕ ነው የሚለውም ሰው ፊት ይበል።»

«ወይዘሮ ሰህራ» አሉ ኢንጂነር፣ «መሥሪያ ቤቱ አደባባይ ወጥቶ ተሳስቻለሁ ካለ ነገ ማን ያከብረዋል? አራቱ ማጣሪያዎች እሽጋችንን በጥርሳቸው ነው የሚበጥሱት።»

«እኔ ግን አልበጠስኩትም» አለች።

እኔ ሥራዬን እንደማጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ስለዚህ ይመስለኛል ቀለል ያለኝ። «እኔ እናገራለሁ» አልኩ። ፒንሳውን ኪሴ ከትቼ ከእሷ ጋር ወጣሁ። ኢንጂነር ሂድም አትሂድም አላሉኝም።

አያሃ በሚኒባስ ደረስን። ወሬ ቀድሞን ሴቶቹ ተሰብስበዋል። የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ወጣሁ። ብዙ ሰው ፊት ቆሜ የማውቀው ግጥም ለማንበብ ነው፤ እዚያ ግን የሚነበብ አልያዝኩም። ቆሻሻው የኤዶ ሰህራ ውኃ ሳይሆን የእኔ ጠርሙስ እንደነበር በሶማሊኛ ተናገርኩ።

አንዲት አሮጊት ከፊት ቆመዋል። «በምን አጠብከው?» አሉኝ።

«በውዱእ ማንቆርቆሪያ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«እናትህ ደህና አድርጋ አሳድጋሃለች» አሉ። «መሥሪያ ቤትህ ነው ያላሳደገህ።»

ሳቁ ከፊት ተነስቶ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ። እኔም ጀሪካኑ ላይ ቆሜ ሳቅኩ፤ ጀሪካኑ ተንሸራተተና ወደቅኩ፤ ሳቁ እንደገና ተጀመረ። ወድቄ ቀና ስል የኢንጂነርን ጫማ አየሁ። በቀጣዩ ሚኒባስ ተከትለውን መጥተዋል። ፒንሳውን ከኪሴ አውጥተው ሽቦውን ራሳቸው ቆረጡት። ፓምፑ ተነሳ። ኤዶ ሰህራ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ሰው ፊት ጠጣች። ቀጥላ ለእኔ፣ ቀጥላ ለኢንጂነር ቀዳች። ኢንጂነር ብርጭቆውን ተቀብለው ከመጠጣታቸው በፊት አዩትና፣ «ይህን ማን ነው ያጠበው?» አሉ።

ይህን ተርጉሜ ለሴቶቹ ነገርኩ። ይህን በትክክል ነው የተረጎምኩት።

ከሥራዬ አልተባረርኩም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለናሙና በወጣን ቁጥር አንድ ጠርሙስ የራሳችን ነው። ፎዚያ ቀቅላ ያቀዘቀዘችውን ውኃ ይዘን እንሄዳለን፤ ቦታው ላይ እንደ ሌሎቹ ከፍተን እንሞላዋለን፤ ከሌሎቹ ጋር ይመረመራል። እሱ ከወደቀ የማንም ውኃ አይወድቅም። አዳዲሶቹ ልጆች ይህ ጠርሙስ ሸክም ነው ይሉኛል። ሸክም ነው። የሰው ቧንቧ ከማሸጋችሁ በፊት የራሳችሁን ጠርሙስ አስመርምሩ።

ኢንጂነርም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፉም። ፎዚያ ከአያሃ ቤቶች ጥቂት ጀሪካኖች አምጥታ መረመረች፤ ቢጫ ነጠብጣብ በሽ ነው። ውኃው ንጹሕ፣ ጀሪካኑ ቆሻሻ። ፈቃዱን ለማደስ ኤዶ ሰህራ ቢሮ ስትመጣ ኢንጂነር ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ጠበቋት።

አየቻቸው። «እሺ። ኮንቴይነሬ በር ላይ የጀሪካን ማጠቢያ አቆማለሁ። ማጠቢያው ላይ ክሎሪንህን ጨምር። ውኃዬ ውስጥ ግን አልጨምርም።»

«ለበጋው ወራት ብቻ፣ ትንሽ» አሉ ኢንጂነር።

«አልጨምርም ብያለሁ። ስንቴ ልናገር?»

«ምን አሉ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ ነበር የተናገረችው።

«አስቤበት እመልሳለሁ ነው የሚሉት» አልኩ።

ፈረመችና ተነሳች። ማንቆርቆሪያው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ይህ ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

«የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው» አሉ ኢንጂነር።

«ልጁ ይመዝግበው። ቁጥር ይጽፋል አይደል?»

«ኤዶ፣ ውዱእ በምን እናድርግ?» አልኳት።

«ወደ እኔ ኑ» አለች። «ውኃ አለኝ።»

ማንቆርቆሪያውን በብብቷ ይዛ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።